አንድ ዓይንና ሁለት ዓይን፤ የደብረ ታቦር ባላንጣዎችና የጀግና ሥዕላዊ ተረክ

በተከታታይ ሥዕል የሚነገር የጀግና ታሪክ፣ በዘመኑ አጠራር «ኮሚክስ» የሚባለው፣ ሙሉ በሙሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ ነው የሚል አስተያየት በብዙዎች ዘንድ ይሰማል። ስሙ በርግጥ ከውጭ የመጣ ነው። ከሰው የተለየ ኃይል ያለው፣ እውነተኛ ማንነቱን በልብስና በሁለተኛ ስም የሚሰውረው ልዕለ ጀግናም ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካ ውስጥ ከታተመ ወዲህ የተስፋፋ ፈጠራ ነው። ነገር ግን አንድን ገበታ በክፈፍ ከፋፍሎ፣ ሥዕሎቹን በተራ እያስነበበ፣ ከሥራቸውም አጭር ጽሑፍ አኑሮ ታሪክ መንገር ለአገራችን ሠዓሊ እንግዳ አልነበረም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሥዕሎች የሚያሳየውን ሸራ አንድ ቦታ ተሰቅሎ ያላየ አንባቢ ጥቂት ይመስለናል። ያ ሸራ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በንግሥቲቱ አይደለም፤ በዘንዶው ነው። አርዌ የሚባለው ዘንዶ በሕዝቡ ላይ ነግሦ ከብቱን ይበላል፤ ልጃገረዶቹንም በግብር መልክ ይቀበላል። አንጋቦ የተባለው ሰው መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦ ይገድለዋል፤ በምትኩም ይነግሣል። ጀግናው ከመምጣቱ በፊት ባላንጣው አለ፤ የጀግናው ሥልጣንም ከባላንጣው ሬሳ ላይ ይነሣል።

ከዚህ ትልም ጋር እጅግ የሚስማማ የሚመስል አንድ የታሪክ ሰው ቢፈለግ ብዙ ሰው ያለ ማመንታት ዐፄ ቴዎድሮስን ይጠራል። የቴዎድሮስ ባላንጣዎች ደግሞ አብዛኞቹ በአንድ መንገድ ወይም በሌላ ከአንድ ከተማ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ያችም ደብረ ታቦር ናት። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው የደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ ታሪክ የጀግናና የባላንጣ ተረክ በሚጠይቀው ክፈፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ነው። አስተያየታችንን ከወዲሁ ለመግለጽ፣ ክፈፉ ጀግናውን በቀላሉ ይቀበላል፤ ባላንጣውን ግን ሊይዘው አይችልም። ከነገሩ ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ የሚጠቅመውም ይኸው አለመቻሉ ነው።

በቅድሚያ ከሥዕሉ ቋንቋ እንነሣ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ፣ ሁለት ዓይኖቹ እንዲታዩ ሆኖ ይሣላል። ክፉው ግን በጎኑ ነው የሚሣለው፤ የሚታየውም አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች፣ ሁሉም በጎን ናቸው። ይህ ሥርዓት ከመቅደሱ ግድግዳ ወጥቶ ወደ ዓለማዊው ሥዕልም ተሻግሯል። በዓድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይ የኢትዮጵያ ሠራዊት በሁለት ዓይን፣ የጣሊያን ሠራዊት በአንድ ዓይን ተሰልፈው ይታያሉ። ማንበብ ያልተማረ ምእመን እንኳ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሳይጠብቅ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ በአንድ እይታ ይለያል። የአሜሪካው ሠዓሊ ይህንኑ ሥራ የሚያሠራው በልብስ ቀለም፣ በራሰ በራነት ወይም በተገጠበ ሣቅ ነው። የእኛው ግን ዓይን በመቁጠር ብቻ ይጨርሰዋል። (እንደ ዕደ ጥበብ ከተመዘነ የእኛው ቆጣቢ ነው ለማለት ያስደፍራል።)

ከጣና ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከፎገራና ከደራ ተነሥቶ የጉናን ተራራ እያዩ ወደ ጋይንት የሚወጣ ሰው በየደብሩ ፈረሰኞቹን ሰማዕታት ያገኛል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ይወጋል፤ ብሩታዊት ከዛፏ ላይ ሆና ትመለከታለች። ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ሆኖ ዑልያኖስን ይጥላል። ቅዱስ ቴዎድሮስም ከእነዚሁ ፈረሰኞች አንዱ ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ጀግናው ሙሉ ፊት፣ ፈረስና ጦር አለው፤ ባላንጣው ከፈረሱ ኮቴ ሥር ነው። የደጋው ልጅ ጽሑፍ ሳያውቅ አስቀድሞ የሚማረው የተረክ ቅርጽ ይህ ነው። «ቴዎድሮስ» የሚለው ስምም ለዚህ ልጅ ገና ንጉሡ ሳይወለድ የታወቀ ነበር፤ ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው መጽሐፍ ከክፉ ዘመን በኋላ በዚህ ስም የሚጠራ ደግ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራልና።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ በስራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የልዕለ ጀግና ሥዕላዊ መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። ዐቢዩ ገጸ ባሕርይ አማኑኤል ጥላሁን የተባለ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ኃይሉ የሚመጣበትም ሳያስበው ነው። «ሐዊ» የተባለችው ሴት ጀግና ቆይታ ተከትላዋለች። እዚህ ላይ የሚያስደስተው ደራሲው ከታሪክ መጻሕፍት ንጉሥ አምጥቶ ካባ ከማልበስ ይልቅ የማስረጃ ወረቀቱን ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ የሚንከራተት ወጣት መምረጡ ነው። ምርጫው ብልህነት አለበት። ንጉሡን ቢያመጣ ኖሮ ከዚህ በታች የምናነሣው ችግር ይገጥመው ነበር።

ለልዕለ ጀግና ተረክ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች በካሳ ኃይሉ ታሪክ ውስጥ አንድም ሳይጎድል ይገኛሉ። ሁለተኛ ስም አለው፤ እንዲያውም ሁለት። የአገራችን ጦረኛ በፈረሱ ስም ይጠራ ስለ ነበር ካሳ አባ ታጠቅ ነው። ሲነግሥ ደግሞ የትንቢቱን ስም ወስዶ ቴዎድሮስ ይሆናል። የአሜሪካ ደራስያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለጀግናቸው ምሥጢራዊ ስም ሲፈልጉ የደከሙበት ነገር በእኛ ዘንድ የዕለት ተዕለት ወግ ነበር፤ ማንኛውም ባለ ፈረስ ጌታ ነበረው። ልዩነቱ የእኛው ስም ሰውን የማይሰውር መሆኑ ላይ ነው። አባ ታጠቅ የሚለው ስም በጦር ሜዳ የሚፎከርበት፣ ይበልጥ የሚገልጥ ስም ነው።

የጀግናው መነሻ የሚሆን ውርደትም አለ። ሲተረክ እንደ ኖረው እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጣ ነበር፤ ይህም በእቴጌ መነን አደባባይ መሣለቂያ ሆነ። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባለው የእቴጌይቱ ሹም ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ተሸነፈ፤ ተማረከም። ካሳ ኮሶ አስበጥብጦ አጠጣው። ይህች ታሪክ እንደ ኮሚክስ ሦስት ሥዕል ብቻ ትበቃታለች፤ ፉከራው፣ ምርኮው፣ ዋንጫው። የደጋው ተራኪ ለሥዕል የተዘጋጀ አእምሮ ስለ ነበረው ይመስለናል፣ ነገሩ ሁሉ በሚጨበጥ ዕቃ ይጀመርና በዚያው ዕቃ ይዘጋል። አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. ያሳተመውን ስለ ቴዎድሮስ የሚናገር ልብ ወለድ «አንድ ለናቱ» ብሎ መሰየሙም ከዚህ አኳያ ሲታይ ትርጉሙ ይሰፋል። በእናቱ የተሰደበ ሰው በእናቱ ስም ተመልሶ ይጠራል።

እስከዚህ ድረስ ክፈፉ ሞልቷል። አሁን ባላንጣውን እንፈልግ።

ደብረ ታቦርን የመሠረቱት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከዚያ በኋላ ከተማይቱ የእንደራሴዎቹ መቀመጫ ሆነች። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ግንብ ውስጥ ያለ ሥልጣን ሲቀመጥ ትእዛዙ የሚወጣው ከዚህ ኮረብታ ነበር። የዘመነ መሳፍንት የመጨረሻው እንደራሴ ራስ አሊ ዳግማዊ፣ የእቴጌ መነን ልጅ፣ ገና በልጅነቱ እ.ኤ.አ. በ1831 አካባቢ በዚህ ወንበር ተቀመጠ። እንግዲህ ዘንዶው የተቀመጠበት ቦታ ታውቋል፤ ኮረብታ አለ፣ ቤተ መንግሥት አለ፣ ግብር የሚያስከፍል ጌታም አለ። በርካታ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አንባቢዎች ራስ አሊን የሚያውቁት በዚህ ቦታ ተቀምጦ ነው።

ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ግን ራስ አሊ ዘንዶ ለመሆን የሚበቃ ሰው ሆኖ አይገኝም። የ1834 ዓ.ም.ን የደብረ ታቦር ጦርነት እንውሰድ። የሰሜንና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ አዲስ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ይዞ፣ ነፍጡንም አሰልፎ በየካቲት ወር ደብረ ታቦር ላይ ገጠመ። አሊ ተሸንፎ ሸሸ። ውቤ ድሉን ሲያከብር ግን የአሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሶ ድል አድራጊውን ማረከው። አሊ የሸሸበትን ድል ሰው አምጥቶ ሰጠው። ይበልጥ የሚገርመው የተከተለው ነው፤ አሊ ውቤን ብዙም ሳይቆይ ለቀቀው፤ ወደ ግዛቱም መለሰው። በልዕለ ጀግና ተረክ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥዕል ቢገኝ አሣታሚው ገጾቹ ተዛንፈው ተጠረዙ ብሎ ይጠረጥራል። ክፉው ይሸሻል፤ ክፉው ያለ ውጊያ ያሸንፋል፤ ክፉው ይምራል።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። የእንግሊዙ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1849 ከራስ አሊ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራርሟል። ቆንሲሉ ራሱ በጻፈው መሠረት ውሉ በድንኳኑ ውስጥ ሲነበብ ራሱ በዝግታ ስለ ፈረስ ያወራ ነበር፤ ያም ፈረስ እዚያው ድንኳን ውስጥ ታስሮ እንግዳውን ሊረግጠው እየቃጣ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ አሊ በውሉ ላይ ምንም ክፋት እንደማይታየው፣ ነገር ግን አንድም የእንግሊዝ ነጋዴ ወደ አገሩ ስለማይመጣ ጥቅሙ እንደማይታየው ተናገረ። ይህ ንግግር የሞኝ ወይስ የብልህ? ይህ ጸሐፊ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። የሆነው ሆኖ ፈረስ የሚወድ፣ ውል የማያስጨንቀው፣ ነገሩን ከአፍንጫው ሥር አይቶ የሚፈርድ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሠዓሊ በጎኑ አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ሊሰጠው ቢነሣ እጁ ይያዛል።

ከዚህም ሌላ ባላንጣው አማት ነው። እቴጌ መነንና ራስ አሊ ካሳን በጦር ከመያዝ በጋብቻ መያዝ ይሻላል ብለው የአሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ተዋበች ግን ለባሏ አደላች፤ በአባቷና በባሏ መካከል በመጣው ጠብ ከባሏ ጎን ቆመች፤ በነሐሴ 1850 ዓ.ም. እስክትሞትም ድረስ አጠገቡ ነበረች። ብሩታዊት ከዛፉ ላይ ሆና የዘንዶውን ሞት ስትጠባበቅ ዘንዶው አባቷ አልነበረም። በተዋበች ታሪክ ውስጥ ግን ነው። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስለ ቴዎድሮስ ከተጻፈው ብዛት ጋር ሲነጻጸር ይህች ሴት ከአባቷ ወገን ሆና የታየችበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲቸግራቸው ቢያስቧት መልካም ነው።

በ1845 ዓ.ም. ሁሉም ነገር በአንድ ዓመት ውስጥ ተጨረሰ። በኅዳር ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹ ሞተ። በሚያዝያ ጣቁሳ ላይ አሊና ውቤ የላኩት ጦር ተሸነፈ። ካሳ ወደ ደብረ ታቦር ወጥቶ የአማቱን ከተማ አቃጠለ። በሰኔ ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ አሊ ራሱ ተሰልፎ ተሸነፈና ሸሸ። አሊ ከዚያ ወዲያ ወደ ሥልጣን አልተመለሰም፤ ግን በጀግናው እጅም አልሞተም። የመጨረሻው ግብግብ የለም፤ ከገደል አፋፍ ላይ የሚደረግ ንግግር የለም፤ ወደ ዘመዶቹ አገር የሚሄድ የተሸነፈ ሰው ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ውቤ ደረስጌ ላይ ተማረከ። ለራሱ ንግሥ ያሠራው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በቀናት ውስጥ የቴዎድሮስ መንገሻ ሆነ፤ ቅቡንም የቀቡት ለውቤ ተብለው የመጡት አቡነ ሰላማ ነበሩ።

እዚህ ላይ የኮሚክስን አሠራር ማስታወስ ይጠቅማል። ኮሚክስ በተከታታይ የሚታተም ስለ ሆነ ባላንጣው መሞት የለበትም። ሌክስ ሉተርም ጆከርም እ.ኤ.አ. በ1940 ታይተው እስከ ዛሬ እየታሰሩ ያመልጣሉ። ጀግናው ጀግና ሆኖ የሚቆየው እነርሱ ስላሉ ነው፤ ክፋቱን ሁሉ ስለሚሸከሙለት የእርሱ ፊት ንጹሕ ሆኖ ይኖራል። የካሳ ባላንጣዎች ግን ወንድይራድ፣ መነን፣ ጎሹ፣ አሊ፣ ውቤ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ዕትም እንኳ ሳይሞሉ ያልቃሉ። በ1847 ዓ.ም. ጀግናው ነገሠ፤ ሊነግሥ የቀረው ዘመንም 13 ዓመት ነው። በነዚህ 13 ዓመታት ሽፍታው ብዙ ነበር፤ ሰሜን ሸፈተ፣ ጎጃም ሸፈተ፣ ወሎ ሸፈተ፣ ሸዋ ተመለሰ። ሆኖም እንደ ቀድሞው ከፊት የሚቆም አንድ ፊት አልነበረም። ባላንጣነት የሚባለው ቦታ ባዶ ሆነ፤ ባዶ ቦታ ደግሞ በተረክ ውስጥ ባዶ ሆኖ አይቆይም።

የዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ ይህን ችግር የፈቱበት መንገድ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ትምህርት አለው። «መጽሐፈ ጨዋታ»ን የጻፈው አለቃ ዘነብ ስለ ቴዎድሮስ የጻፈው ዜና መዋዕል፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ኤኖ ሊትማን ያሳተመው፣ የመጨረሻዎቹን ክፉ ዓመታት ሳይደርስባቸው ያቆማል። አለቃ ወልደ ማርያም የጻፈው ግን እስከ መቅደላ ይዘልቃል፤ ፍርዱም ከዘነብ የከበደ ነው። አንዱ ጸሐፊ ተረኩን በጊዜ ስለ ዘጋ ጀግናው በሁለት ዓይን ቀረለት። ሌላው ስለ ቀጠለ ፊቱ ሲዞር አየ። እዚህ ላይ ማን እውነተኛ ነው ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ማን የት ላይ አቆመ ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ቴዎድሮስን ወደ መድረክና ወደ ልብ ወለድ ያመጡት ደራስያንም፣ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔቱ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. በወጣው «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ ኋላም ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ታግለዋል። የብርሃኑ ርእስ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ የጀግናው ዓይን እዚያ የሚያለቅስ ዓይን ነው። ዕንባ ዓይኖቹን ሁለት አድርጎ የሚያቆይ ብልሃት ነው ለማለት ይቻላል።

ደጋው ግን ያን ጊዜ በመድረክ ላይ አልነበረም፤ በቤቱ ነበር። የቴዎድሮስ ግዛት እየጠበበ ሲሄድ የቀረለት በጌምድር ነበር፤ መቀመጫውም ያው የአሊ ኮረብታ ደብረ ታቦር። ጋፋት ከከተማይቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ቦታ ናት። በዚያ ዋልድማየር፣ ሳልሚለር፣ ሞሪትስ ሆልና ሌሎች አውሮፓውያን የእጅ ሠሪዎች ተቀምጠው ሠረገላና መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ወንጌል ለመስበክ የመጡ ሰዎች መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ሆኖም ተገኘ። በ1859 ዓ.ም. ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋ ክብደት ያለው ሴባስቶፖል ቀለጠ። ስሙ የተወሰደው በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ከተማ ነው። በጀግና ተረክ ውስጥ ከተራራ ሥር፣ ከእቶን ፊት ቆሞ፣ ሠራተኞቹ የፈሩትን ግዙፍ መሣሪያ የሚያሠራው ገጸ ባሕርይ ማን እንደ ሆነ ማንኛውም የኮሚክስ አንባቢ ያውቃል። ጀግናው አይደለም።

በዚያው ዓመት ጎንደር ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። የበጌምድር ባላገር በማያባራ ወታደር ተመዘበረ፤ ከብቱ ተነዳ፤ ቤቱ ጋየ፤ ሰውም ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ጊዜ ነበር። ይህን የጻፉት የተቆጡ እስረኞች ብቻ አይደሉም። እዚህ ላይ ለዘንዶው የተሰጠውን የሥራ ዝርዝር መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ከብት ይበላል፣ ሰው ይበላል፣ አገሩ በግብር ይጨነቃል። አሊ በደብረ ታቦር በተቀመጠባቸው ከ20 በላይ በሆኑ ዓመታት ያልሞላው ዝርዝር ገዳዩ ከተቀመጠ በኋላ ሞላ።

ይህን ማለታችን ቴዎድሮስን ከጀግንነት ወንበር አውርደን በባላንጣ ወንበር ለማስቀመጥ አይደለም። እንዲህ ያለው ግልበጣ ከሥርዓቱ አይወጣም፤ ዓይን ነቅሎ ለሌላው መትከል ነው። የ1860 ዓ.ም.ን ጉዞ ማየት ይበቃል። በጥቅምት ወር ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ተነሣ። ከፊቱ የጋይንት ደጋ፣ የጨጨሆ በር፣ የዝጣና የበሽሎ ሸለቆዎች ነበሩ። ሴባስቶፖል በሠረገላ ተጭኖ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ይሳብ ነበር፤ መንገዱ ግን አልነበረም። መንገዱን እየሠሩ ነበር የሚሄዱት፤ ንጉሡም ራሱ ድንጋይ ያነሣ፣ አፈር ይቆፍር ነበር። ጉዞው ወራት ወሰደ። በመጋቢት አካባቢ መቅደላ ደረሱ። ኋላ የመጡት የእንግሊዝ ሰዎች በገደሉ ላይ የተቀደደውን መንገድ አይተው አድንቀዋል። ከኋላው አገር እያቃጠለ፣ ከፊቱ በገዛ እጁ ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ማንም ያላዘዘውን መንገድ የሚሠራ ሰው በየትኛው ጎኑ ይሣላል?

መቅደላ ላይ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለ ሆነ አናረዝመውም። በጸሎተ ሐሙስ ቀን ወደ 200 የሚጠጉ እስረኞች ከገደል ተጣሉ። በማግስቱ በስቅለት ቀን አሮጌ ላይ ገብርዬ ወደቀ፤ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ፤ ሴባስቶፖልም ለዚያ ሁሉ ድካም ዋጋ አልከፈለም። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በራሱ ሽጉጥ ሞተ። የሚያስገርመው ነገር በዚህ መጨረሻ ለተረኩ የጠፋው ባላንጣ ተገኘለት። የናፒየር ጦር ከባሕር ማዶ መጣ፤ ጎራው እንደገና ሁለት ሆነ፤ በእኛ ወገን ያለው ሁለት ዓይን፣ በዚያኛው ወገን ያለው አንድ ዓይን። የመቅደላው ጥይት የ13 ዓመቱን ጥያቄ በአንድ ቅጽበት የዘጋው ስለዚህ ይመስለናል። ከሞቱ በፊት የነበረው የበጌምድር ጩኸት ከክፈፉ ውጭ ቀረ።

እንግሊዞቹም የራሳቸውን ተከታታይ ሥዕል ሠርተዋል። ሥዕላዊ የለንደን ጋዜጣ ሠዓሊ ዊልያም ሲምፕሰንን ወደ ዘመቻው ልኮ ነበር፤ በነርሱ ክፈፍ ውስጥ ባላንጣው ቴዎድሮስ ነበር። የሞተውን ንጉሥ ፊት በእርሳስ ያነሣው ግን የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ነው። ይኸው ሰው «ኩርዓተ ርእሱ» የተባለውን የጌታን ሥዕል ከመቅደላ ይዞ ሄደ፤ የአንዱን ፊት ሣለ፣ የሌላውን ፊት ወሰደ።

አዲስ አበባ ላይ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ሐውልት የሴባስቶፖል ምሳሌ ነው። ሰው የለበትም፤ ፊት የለበትም። ያን ሐውልት ያቆሙ ሰዎች የዓይኑን ጥያቄ ያለፉት መሣሪያውን ብቻ በማቆም ነው፤ ለአደባባይ ይህ ይበቃል። ለሥዕላዊ መጽሐፍ ግን አይበቃም፤ መጽሐፉ ፊት ይፈልጋል። የደብረ ታቦርን ታሪክ በተከታታይ ሥዕል ለመሥራት የሚነሣ ወጣት ሠዓሊ ቢኖር ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ገጾች ይጠብቁታል። አንዱ የ1845 ዓ.ም. ነው፤ ሌላው የ1860። በሁለቱም ገጽ ያው ኮረብታ ይነዳል፤ በሁለቱም ገጽ ችቦውን የያዘው ያው ሰው ነው።